እናቴ መርሳት ጀምራለች፤ አንጎልን የሚረዳው ምግብ ነው ወይስ እንክብል?

የበኩር ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ እናቴ ምክራችሁን ፈልጌ ነው የምጽፈው። 71 ዓመቷ ነው። ዕድሜዋን በሙሉ ሒሳብ ስታስተምር ኖራ ጡረታ የወጣች፣ የልጆቿን ብቻ ሳይሆን የብዙ ተማሪዎቿን ስም ከነአባታቸው በቃሏ የምትይዝ ሴት ነበረች። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን የነገረችንን መልሳ ትነግረናለች፤ የጀመረችውን ሥራ አቋርጣ ምን ልትሠራ እንደነበር ቆማ ታስባለች። ባለፈው ሳምንት አጠገቧ ቆሜ ድስቱ ውስጥ ጨው ጨመረች፣ ዕቃውን ከድና ወደ ቦታው መለሰችው፤ ጥቂት ቆይታ እንደገና አውርዳ ጨመረች። «እማዬ፣ አሁን ጨምረሻል እኮ» ስላት ቀና ብላ አየችኝና «መቼ?» አለችኝ። ያቺ «መቼ» ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጆሮዬ አልጠፋችም።

የስኳር በሽታ ስላለባት ለዘጠኝ ዓመት ሜትፎርሚን ስትወስድ ቆይታለች፤ ለጨጓራዋ ደግሞ አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት በየቀኑ ትውጣለች። አመጋገቧ እየተበላሸ ነው፤ ጥርሷ ስለተጎዳ ሥጋ ከተወች ቆየች፣ እንቁላልን «ኮሌስትሮል ነው» ብላ ትታዋለች፤ ብዙ ጊዜ ቁርሷም ምሳዋም ነጭ ዳቦና ሻይ ነው። በቅርቡ አንድ ዘመዳችን የማስታወስ ኃይልን ይመልሳል የተባለ እንክብል ላከላት። ብልቃጡ ላይ ጊንኮ (ከዛፍ ቅጠል የሚዘጋጅ ነው) እና የዓሣ ዘይት የሚሉ ጽሑፎች አሉ፤ ዋጋው ቀላል አይደለም፤ እሷም ተስፋ ጥላበታለች።

እኔ ማወቅ የምፈልገው እውነቱን ነው። ምግብ አንጎልን ይረዳል የሚባለው ምን ያህል የተጨበጠ ነገር ነው? የሚረዳ ከሆነስ በዚህ ዕድሜ መጀመር ዘግይቷል? እንክብሉንስ ምን ላድርገው?

የሥነ ምግብ ባለሙያ፦

ጤና ይስጥልኝ። የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ከሁሉም በላይ ዓይኔ ያረፈው የጨዉ ታሪክ ላይ ሳይሆን በመሀል ጠቅሰውት ያለፉት የመድኃኒቶቹ ጉዳይ ላይ ነው። ስለዚህ ወደ ምግቡ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር አጥብቄ ልለምንዎት፤ እናትዎን ሐኪም ዘንድ ወስደው የቫይታሚን ቢ12 መጠናቸው በደም ምርመራ እንዲታይ ያድርጉ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ቢ12 በተፈጥሮው የሚገኘው በሥጋ፣ በዓሣ፣ በእንቁላልና በወተት ውስጥ ሲሆን፣ እዚያም ከፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ነው ያለው። ከፕሮቲኑ የሚያላቅቀው የጨጓራ አሲድ በመሆኑ፣ አሲዱ በመድኃኒት ለረጅም ጊዜ ሲቀንስ ወይም በዕድሜ ምክንያት ሲያንስ ቫይታሚኑ ከምግቡ በሚገባ ሳይላቀቅ ያልፋል። ሜትፎርሚንም ለዓመታት ሲወሰድ በሌላ መንገድ የቢ12ን ወደ ደም መግባት ይቀንሳል። እንግዲህ እናትዎ ላይ ዕድሜው፣ ሁለቱ መድኃኒቶችና ሥጋና እንቁላል መተዋቸው በአንድ ላይ ተደራርበዋል ማለት ነው። አንድ አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 2.4 ማይክሮግራም ብቻ ነው፤ ጉበትም ለዓመታት የሚበቃ ያከማቻል። ጉድለቱ ማንም ሳያስተውለው ቀስ ብሎ የሚመጣው በዚህ የተነሣ ነው። ቢ12 ነርቮችን የሚሸፍነው ማይሊን የተባለው ልባስ እንዳይጎዳ የሚጠብቅ ስለሆነ፣ ሲጎድል መርሳት፣ ድካም፣ የስሜት መቀዝቀዝ፣ የእጅና የእግር መደንዘዝ ይታያል። ብዙ ቤተሰብ ይህን ሁሉ «የእርጅና ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ እኔን የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው፤ በጊዜ ከተደረሰበት ሊታከም የሚችል ነገር ነውና። ሐኪሙ የእንቅርት ዕጢ ሆርሞንን፣ የደም ማነስን፣ የደም ስኳር ከመጠን በላይ መውረድን፣ የመስማት ችግርንና ድብርትንም አብሮ ቢያይ ጥሩ ነው፤ እነዚህም የመርሳት በሽታ ሊመስሉ ይችላሉና። እስከዚያ ድረስ ግን የታዘዘላቸውን መድኃኒት በራሳችሁ ፈቃድ እንዳታቋርጡ አደራ እላለሁ።

አሁን ወደ ምግቡ ልምጣ። አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህሉን ብቻ ይዞ ሳለ፣ ሰውነት በዕረፍት ላይ ከሚጠቀምበት ኃይል ወደ 20 በመቶ የሚጠጋውን ይወስዳል። የራሱ ጎተራ ግን የለውም ማለት ይቻላል፤ ኦክስጅኑንም ግሉኮሱንም በየደቂቃው የሚያመጡለት የደም ሥሮች ናቸው። ስለዚህ «ለአንጎል የሚሆን ምግብ» ስንል በአብዛኛው የምንናገረው ለደም ሥር ስለሚሆን ምግብ ነው። የደም ግፊትን የሚያባብስ ጨው፣ የደም ስኳርን የሚያናጋ ጣፋጭ፣ መጥፎ የሚባለውን ኮሌስትሮል የሚያበዛ ስብ ልብን እንደሚጎዱ ሁሉ በአንጎል ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮችም ይጎዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ሥር የተቋቋመው የባለሙያዎች ቡድን፣ ሊስተካከሉ የሚችሉ 14 መንስኤዎች በሙሉ ቢወገዱ በዓለም ላይ ካለው የመርሳት በሽታ ወደ 45 በመቶ የሚሆነውን መከላከል ወይም ማዘግየት እንደሚቻል አስልቷል። የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት፣ ከፍተኛ ኮሌስትሮልና የአልኮል መብዛት በዝርዝሩ ውስጥ አሉ፤ እነዚህ ሁሉ ከምንበላውና ከምንጠጣው ጋር የተሳሰሩ ናቸው።

ስለ አንድ የታወቀ የአመጋገብ ሥርዓት በግልጽ መናገር ይገባኛል፤ ምክንያቱም ስለ እሱ የተጋነነ ነገር ይነገራል። በአሜሪካ ቺካጎ የሚገኘው የረሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ማርታ ክሌር ሞሪስና ባልደረቦቿ «ማይንድ» የሚባለውን ሥርዓት አዘጋጅተው ነበር። አረንጓዴ ቅጠላ ቅጠል በሳምንት ቢያንስ ስድስት ጊዜ፣ የእንጆሪና የብሉቤሪ ዓይነት ፍሬዎች ሁለት ጊዜ፣ ዓሣ ቢያንስ አንድ ጊዜ እንዲበላ፣ ጥራጥሬ፣ ለውዝና ያልተፈተገ እህል እንዲዘወተር፣ የወይራ ዘይት ዋናው ዘይት እንዲሆን፣ ቅቤ፣ ቀይ ሥጋ፣ ጣፋጭና ጥብሳ ጥብስ እንዲቀነስ ያዛል። እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጥናት 923 አረጋውያንን በአማካይ ለአራት ዓመት ተኩል ተከታትለው፣ ሥርዓቱን አጥብቀው ከያዙት መካከል ከመርሳት በሽታ ዓይነቶች ዋነኛው በሆነው በአልዛይመር የመያዝ ዕድል በ53 በመቶ አንሶ አገኙት። ይህ ቁጥር ነው በየቦታው የሚጠቀሰው። ነገር ግን ጥናቱ ሰዎች በራሳቸው ምርጫ የበሉትን የተመለከተ በመሆኑ፣ ደኅና የሚበሉ ሰዎች ሌላውንም ኑሯቸውን ደኅና የሚይዙ ሊሆኑ ይችላሉ የሚለውን ጥርጣሬ ሙሉ በሙሉ አያስወግድም። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ሙከራ 604 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ለሦስት ዓመት ሲከታተል፣ ማይንድን የተከተሉትና የለመዱትን ምግብ መጠኑን ቀንሰው የበሉት በአንጎል ፈተና ውጤታቸው ጉልህ ልዩነት አላሳዩም፤ ሁለቱም ጥቂት ተሻሽለዋል። ሦስት ዓመት ምናልባት አጭር ጊዜ ነው፤ ሁለቱም ቡድኖች ክብደት መቀነሳቸውም ልዩነቱን አደብዝዞት ሊሆን ይችላል። እኔ ከዚህ የምረዳው፣ አመጋገብ ለአሥርተ ዓመታት የሚሠራ ነገር እንጂ በጥቂት ወራት ትውስታን የሚመልስ መድኃኒት አለመሆኑን ነው።

ዘግይቷል ወይ ላሉት፣ አልዘገየም እላለሁ። ፊንላንድ ውስጥ ከ60 እስከ 77 ዓመት የሆናቸው 1,260 ሰዎች በተሳተፉበት ፊንገር በተባለው ጥናት፣ ለሁለት ዓመት አመጋገባቸው የተስተካከለላቸው፣ የአካል እንቅስቃሴና የአእምሮ ልምምድ የሠሩ፣ የደም ግፊታቸውና የደም ስኳራቸው ክትትል የተደረገባቸው ሰዎች መደበኛ ምክር ብቻ ካገኙት የተሻለ ውጤት አምጥተዋል። ልብ ይበሉ፣ ምግቡ ብቻውን አልነበረም። ተሳታፊዎቹም የመርሳት በሽታ ገና ያልያዛቸው ነበሩ።

የአባቱ አስታማሚ፦

ከላይ የተጻፈውን ሳነብ የራሴ ቤት ታሪክ መሰለኝ። አባቴ በ69 ዓመቱ መርሳት የጀመረ ጊዜ እኛ ልጆቹ ተሰብስበን «ሽምግልና ነው» ብለን ተቀበልነው። እግሩ እንደሚደነዝዘው፣ በጨለማ ሲራመድም ግድግዳ ይዞ እንደሚሄድ እናያለን፤ ግን ከመርሳቱ ጋር አያይዘን አላሰብነውም። መጀመሪያ ያየው ሐኪምም ዕድሜውን ጠይቆ ብቻ ሸኘው። ከወራት በኋላ ሌላ ሐኪም ጫማውን አስወልቆ እግሩን በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ እያደረገ «ይሰማዎታል?» ሲለው አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ዝም አለ። መነካቱን አላወቀም ነበር። የደም ምርመራው የቢ12 መጠኑ እጅግ ዝቅተኛ መሆኑን አሳየ።

በመርፌ መልክ መውሰድ ከጀመረ በኋላ ድካሙ በሳምንታት ውስጥ ለቀቀው፤ ትውስታው ደግሞ ቀስ በቀስ ወደ ስድስት ወር በሚጠጋ ጊዜ ተሻሻለ። ሙሉ በሙሉ ወደ ነበረበት ተመለሰ ብዬ ግን አልዋሽዎትም፤ የእግሩ መደንዘዝ እስከ ዛሬ አለ። ነርቩ ለረጅም ጊዜ ተጎድቶ ስለቆየ ያ የሚመለስ አይደለም ብለውናል። ስለዚህ «ምርመራውን በሚቀጥለው ወር» አይበሉ፤ ቀኑን ዛሬውኑ ይያዙ።

አንድ ነገር ልጨምር። እኛ በመሀሉ በራሳችን ግምት ፎሊክ አሲድ የተባለውን ቫይታሚን ገዝተን ሰጥተነው ነበር። በኋላ ሐኪሙ እንዳስረዳን፣ ቢ12 ለጎደለው ሰው ፎሊክ አሲድ ብቻውን ሲሰጥ የደም ማነሱን አስተካክሎ የተሻለው ያስመስላል፤ የነርቩ ጉዳት ግን ከሥር ይቀጥላል። በቅንነት ያደረግነው ነገር ጊዜ አባከነብን፤ እስካሁንም ይቆጨኛል።

ፋርማሲስት፦

ስለ እንክብሉ የጠየቁትን ልመልስ። ጊንኮ ከእነዚህ ሁሉ በሚገባ የተፈተነው ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ከ3,000 በላይ የሆኑ፣ 75 ዓመትና ከዚያ በላይ የሞላቸው ሰዎች በቀን ሁለት ጊዜ 120 ሚሊግራም ጊንኮ ወይም ምንም መድኃኒትነት የሌለው እንክብል እንዲወስዱ ተደርጎ ለስድስት ዓመት ያህል ክትትል ተደረገባቸው፤ ጊንኮው የመርሳት በሽታን አልቀነሰም። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ቢ ቫይታሚኖች፣ ቫይታሚን ኢ፣ በዓሣ ዘይት ውስጥ ያሉት የኦሜጋ 3 ዓይነት ቅባቶችና የተቀላቀሉ የምግብ ማሟያዎች የአንጎልን መዳከም ለመከላከል ተብለው ሊመከሩ እንደማይገባ አስቀምጧል። ይህ ጉድለት ለሌለበት ሰው ነው፤ ጉድለቱ በምርመራ ለተረጋገጠ ሰው ቢ12 መስጠት ሕክምና ነው፤ ሁለቱን እንዳያምታቱ።

ሌላው የሚያሳስበኝ ደኅንነቱ ነው። ጊንኮ የደም መፍሰስን ሊያባብስ ስለሚችል እናትዎ አስፕሪን ወይም ሌላ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ሐኪማቸው ሳያውቅ ባይጀምሩት ይሻላል። ዋርፋሪን የተባለውን ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ስለ ምግቡም መነጋገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም አረንጓዴ ቅጠላ ቅጠል ቫይታሚን ኬ ስለሚበዛበት በድንገት ከጨመሩት የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሰዋል። ቅጠሉን መተው ግን የለባቸውም፤ በየሳምንቱ ተቀራራቢ መጠን መብላትና የመድኃኒቱን መጠን በደም ምርመራ እየታየ በዚያው ልክ ማስተካከል ይቻላል። ወደ ሐኪም ሲሄዱ ብልቃጡን ጨምሮ በቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ በአንድ ከረጢት ይዘው ይሂዱ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከተገዙ የአለርጂና የእንቅልፍ መድኃኒቶች መካከል አረጋውያንን የሚያደናግሩና መርሳትን የሚያባብሱ አሉ፤ ሰው ግን እነዚህን እንደ መድኃኒት ስለማይቆጥራቸው ለሐኪም አይናገርም።

የበኩር ልጅ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ እግሯ መደንዘዝ ጠይቄያት አላውቅም ነበር፤ ዛሬ ስጠይቃት «ከቆየ እኮ፤ ምን ብዬ ልንገራችሁ» አለችኝ። ለሐሙስ ቀጠሮ ይዣለሁ።

አንድ ነገር ግን አስቸገረኝ። ዓሣ ሽታውን አትወድም፣ ለውዝ ጥርሷ አይችለውም፣ የምግብ ፍላጎቷም ቀንሷል። የተዘረዘረውን ሁሉ በሳህን ላይ ባቀርብላትስ ካልበላችው ምን ይረባል?

ጡረተኛ ነርስ፦

ልጄ፣ ትክክለኛው ጥያቄ ይህ ነው። አረጋውያንን ስንከባከብ በኖርኩበት ጊዜ ሁሉ ያየሁት ችግር የእውቀት ማነስ ሳይሆን ምግቡን ከሳህኑ ወደ አፍ የማድረስ ጉዳይ ነው።

መጀመሪያ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ውሰጃት። ማኘክ የሚያምም ሰው ለስላሳውን ይመርጣል፤ ለስላሳው ደግሞ ብዙ ጊዜ ነጭ ዳቦና ጣፋጭ ይሆናል። እናትሽ ሻይና ዳቦ ላይ የቀሩት ስንፍና ይዟቸው አይመስለኝም። እስኪታከሙ ድረስ ለውዙን ፈጭተሽ በወተት በተቀቀለ አጃ ላይ ነስንሺው፤ ቅጠላ ቅጠሉን አድቅቀሽ ከትፈሽ በዘይት አብስዪው፤ ምስርና ባቄላውን እስኪፈርስ ቀቅይው። እንቁላል ለስላሳ ነው፣ ፕሮቲንም ቢ12ም አለው። ለብዙ ሰው የደም ኮሌስትሮልን ይበልጥ ከፍ የሚያደርገው እንቁላል ሳይሆን ቅቤና የሰባ ሥጋ ነው፤ ስኳር ስላለባቸው ግን በሳምንት ስንት ይብሉ የሚለውን ሐኪማቸውን ጠይቂ።

ፕሮቲኑን አትናቂው። ለአረጋውያን የሚመከረው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደት ቢያንስ 1 ግራም ነው፤ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 60 ግራም ያስፈልገዋል ማለት ነው። አንድ እንቁላል የሚሰጠው 6 ግራም ያህል ስለሆነ በአንድ ማዕድ አይሞላም፤ በሦስቱም ማዕድ ላይ ትንሽ ትንሽ መኖር አለበት።

ውኃም እንዲሁ ነው። በዕድሜ የጥም ስሜት ይደክማል፤ ሰውነት ደርቆ ሳለ አይጠማም። ውኃ ያነሰው አረጋዊ ግራ ሲጋባና ሲፈዝ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። «ውኃ ጠጪ» ከማለት ይልቅ ብርጭቆውን ሞልተሽ እጃቸው በሚደርስበት ቦታ አስቀምጪ፤ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ካለባቸው ግን መጠኑን ሐኪም ይወስን።

ስለ ጨው ደግሞ አንድ ልበልሽ። ሁለት ጊዜ መጨመራቸው መርሳት ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም የማሽተትና የመቅመስ ኃይል ሲደክም ምግብ ሁሉ አልጫ ስለሚሆን ብዙ አረጋውያን ጨው ያበዛሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ ይህም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያንሳል። ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚና ቅመም ጨምሪበት፤ ጣዕሙ ይመለሳል። የዕለቱን ጨው በትንሽ ዕቃ ለክተሽ አስቀምጪላቸው፤ ባዶውን ሲያዩ መጨመራቸውን ራሳቸው ያውቃሉ፤ አንቺም ከማረም ታርፊያለሽ። ፊት ለፊት ስታርሚያቸው ያፍራሉ፤ ያፈረ ሰው ደግሞ ከማድ ቤትም ከማዕድም ይርቃል።

ክብደታቸውን በየወሩ መዝኚ። እየቀነሰ ከሆነ «ይህን ተዉ፣ ያን ተዉ» የሚለውን ትእዛዝ ላላ አድርጊው፤ በዚህ ዕድሜ ሳያስቡት መክሳት ከትንሽ ቅቤ የበለጠ ያስፈራኛል። ከተቻለም አብረሻቸው ብዪ። ብቻውን የሚበላ ሰው ጥቂት በልቶ ይነሣል።

የሥነ ምግብ ባለሙያ፦

በነርሷ ምክር እስማማለሁ። ስለ ዓሣው ብቻ ልጨምር። ዓሣ የሚፈለገው ዲኤችኤ ለተባለው የኦሜጋ 3 ዓይነት ነው፤ የአንጎል ሕዋሳት ሽፋን ከሚሠራባቸው ቅባቶች አንዱ ነውና። ሽታው የሚያስቸግራቸው ከሆነ የታሸገ ሰርዲን ዘይቱን አጥልለው፣ አድቅቀው ከተቀቀለ ድንችና ከሎሚ ጋር ቀላቅለው ይሞክሩት፤ ትንንሽ ዓሣዎች የሜርኩሪ መጠናቸውም ከትልልቆቹ ያነሰ ነው። ያም ካልሆነ አያስገድዷቸው። ተልባና ዋልነት የሚሰጡት ኦሜጋ 3 በሰውነት ውስጥ ወደ ዲኤችኤ የሚለወጠው ጥቂቱ ብቻ ቢሆንም በራሳቸው ጥሩ ምግብ ናቸው። የዳቦውን ነገር ደግሞ በአንድ ቀን አይለውጡት፤ ነጩን ባልተፈተገ ስንዴ ዳቦ በመተካት ይጀምሩና የሻዩን ስኳር በየሳምንቱ ይቀንሱ። ከሜትፎርሚን ሌላ የደም ስኳርን የሚያወርድ መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ ግን አመጋገቡ ሲለወጥ ስኳራቸው ከሚገባው በታች ሊወርድ ስለሚችል ለሐኪማቸው አስቀድመው ይንገሩ።

የበኩር ልጅ፦

ከሐኪም ተመልሰናል። ደም ሰጥታለች፤ ውጤቱ ሰኞ ይደርሳል። ሐኪሟ የመድኃኒቶቹን ከረጢት ከፍቶ አንድ በአንድ አየ፤ ጊንኮውን እንድታቆም ነገራት፤ ለካ ለእንቅልፍ ብላ ከጎረቤት የተቀበለችውም መድኃኒት ነበር፤ እሱንም አስቆማት። እግሯንም መረመረ፤ የግራ እግሯን ጣቶች ሲነካት አልተሰማትም።

ዛሬ ማታ ነርሷ እንዳሉት ጨውን በትንሽ ሲኒ ለክቼ አስቀመጥኩላት። ድስቱን ስታማስል ቆይታ እጇን ወደ ሲኒው ዘረጋች፤ ባዶ መሆኑን አየችና ወደ ቦታው መለሰችው። ምንም አልተነጋገርንም። አንድ እንቁላልና የደቀቀ ቅጠል አብረን በላን። ውጤቱ እንደደረሰ እጽፍላችኋለሁ።